ግጥም በትእዛዝ፦ ለቤተሰብ ድግስ ስንኝ የሚጽፉ አገልግሎቶች ሲፈተሹ

ልደት፣ ሰርግ፣ ምረቃ ወይም የጡረታ ስንብት ሲቃረብ “ግጥም ቢነበብ እንዴት ባማረ” የሚል ሰው ከቤተሰቡ አይጠፋም። የሚጠፋው ጸሐፊው ነው። አንዱ ሌላውን ያያል፣ ቀኑ ይገፋል፣ በመጨረሻ አንዱ ስልኩን አውጥቶ በትእዛዝ የሚጽፍ ይፈልጋል። ቅጽ ይሞላል፣ ይከፍላል፣ በቀጠሮው ቀን ግጥሙ በፋይል፣ በድምፅ ወይም በፍሬም ገብቶ ይመጣል።

እዚህ የምንመዝነው የአገልግሎቱን ዓይነት እንጂ አንድን ድርጅት አይደለም። የሚቀርበው ነገር ሦስት መልክ አለው፦ ስም ብቻ እየተቀያየረ የሚሸጥ ዝግጁ ግጥም፣ ሰው ተቀምጦ የሚጽፈው፣ እና ማሽን የሚያወጣው። ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጠው። የአገልግሎቱ ጥራት የሚታወቀው ለናሙና በለጠፈው ግጥም ሳይሆን እናንተን በሚጠይቃችሁ ጥያቄ ነው። ስም፣ ዕድሜና የድግሱን ቀን ብቻ ተቀብሎ “ሌላውን ለእኛ ተዉት” የሚል ካጋጠማችሁ የሚመጣላችሁ ለማንም የሚሆን ግጥም ነው። ለማንም የሚሆነውን ደግሞ ሳትከፍሉም ታገኙታላችሁ።

ምሳሌ እንይ። ለእናት ልደት ተብሎ የሚሸጥ ዝግጁ ግጥም ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ነው፦

የቤታችን ብርሃን የፍቅር ምልክት፣
ደስታሽ ይብዛልን ከዓመት እስከ ዓመት።

ልኩ አልተዛነፈም። ቤቱም ይመታል። የጎደለው እናትየዋ ናት። ይህን ሁለት ስንኝ ከአንዷ እናት ድግስ አንስታችሁ በሌላዋ ድግስ ብታነቡት ከአድማጩ አንድም ሰው ቀና አይልም። አሁን ደግሞ ስለ አንዲት እናት አንድ ነገር ብቻ የሚያውቅ ጸሐፊ የሚያወጣውን እዩ። የሚያውቀው መነጽሯን አናቷ ላይ ሰክታ ቤቱን ሁሉ እንደምታምስ ነው፦

መነጽሯ ሰፍሮ ከግንባሯ በላይ፣
ትፈልገዋለች ወዲህ ወዲያ ስታይ።
እኛም ደስታችንን ሩቅ ስንፈልግ ኖርን፤
እሷ ከቤት ሳለች ስንቱን አገር ዞርን።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች ያስቃሉ፣ ምክንያቱም ቤተሰቡ ትዕይንቱን በዓይኑ አይቶታል። ሳቁ ሳያባራ የሚመጡት ሁለቱ ደግሞ ያንኑ መነጽር ወደ ልጆቹ ያዞሩታል። እንዲህ ያለው ማዞር ከገጣሚው ሙያ ነው። መነጽሩ ግን ከቅጹ ካልመጣ የሚዞር ነገር የለም። ለዚህ ነው ስለ ቅጹ ረዘም አድርገን የምናወራው።

ቅጹ ምን ሊጠይቅ ይገባል?

ደንበኛ ቅጽ ሲሞላ መጀመሪያ የሚጽፈው “ደግ ናት፣ ታታሪ ናት፣ ሁሉን ወዳድ ናት” ነው። ለገጣሚ ይህ ባዶ ወረቀት ከመቀበል ብዙም አይሻልም። ደግነት በዓይን አይታይም፤ በር ድረስ ወጥታ እንግዳው ከአድማስ እስኪጠፋ እጇን የምታውለበልብ ሴት ግን ትታያለች። ስለዚህ ጥሩ ቅጽ ቅጽል አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሰውየው በቀን አሥር ጊዜ የሚደጋግማት አባባል ምን እንደሆነች፣ ከእጁ የማይለይ ዕቃ ምን እንደሆነ፣ ሁልጊዜ የሚሳሳተውና ቤቱ የሚስቅበት ነገር ምን እንደሆነ፣ ማለዳ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ነው። አባባሏ ቃል በቃል ትጻፍ። “ሁልጊዜ ቶሎ በሉ ትለናለች” የሚለው “ቶሎ በሉ፣ ፀሐይዋ አትጠብቃችሁም!” ከሚለው ጋር አንድ አይደለም፤ ሁለተኛው ራሱ የስንኝ ግማሽ ነው።

ስንት ዝርዝር ይበቃል? ሒሳቡ ቀላል ነው። ለአንድ ድግስ የሚመጥን ግጥም 20 ስንኝ አካባቢ ነው፤ በአራት በአራት ስንኝ ሲከፈል 5 አርኬ ይሆናል። አንዱ ለመክፈቻ፣ አንዱ ለመልካም ምኞት ይሄዳል። የቀሩት 3 አርኬዎች እያንዳንዳቸው አንድ ዝርዝር ይሸከማሉ፦ ሁለት ስንኝ ነገሩን ለማስቀመጥ፣ ሁለት ስንኝ ለማዞር። ስለዚህ በግጥሙ የሚገቡት 3 ብቻ ናቸው፤ ጸሐፊው እንዲመርጥ ግን 8 ወይም 10 ይላክለት። 30 ዝርዝር ልኮ “ሁሉም ይግባ” ማለት ግጥሙን የዕቃ መዝገብ ያደርገዋል። በአርኬ ሁለት ሦስት ዝርዝር ሲታጨቅ አንዱም አይዞርም፣ ሁሉም ተጠርቶ ያልፋል።

የልጅ ልጆች ስም ሁሉ ይጠራ የሚባልበትም አለ። 10 ስም ከሆነ ለእያንዳንዱ ሁለት ስንኝ ሲሰጥ 20 ስንኝ ይፈጃል፤ ግጥሙ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ የባሰው አንድ ስም ሲረሳ ነው። የምስጋናው ግጥም የኩርፊያ መነሻ ይሆናል። ስሞቹን በተለየ ሁለት ሦስት ስንኝ ሰብሰብ አድርጎ መጥራት ወይም ጭራሽ አለመጥራት ይሻላል። ጥቂቱን ጠርቶ ሌላውን መዝለል ግን አይሞከር።

ከሁሉም በላይ የምንፈልገው ጥያቄ “ምን አይነሳ?” የሚለው ነው። ፍቺ፣ ሕመም፣ የሞተ ልጅ፣ ከቤተሰቡ ጋር የማይነጋገር ወንድም፤ እነዚህን ጸሐፊው ከየት ያውቃቸዋል? “እህት ወንድሞቹ ዙሪያውን ከበውት” የሚል የዋህ ስንኝ ያላግባብ ቦታ ላይ አዳራሹን ዝም ያሰኛል። ይህን ጥያቄ ያላካተተ ቅጽ ካጋጠማችሁ ሳትጠየቁ ጻፉት። በሕይወት የሌለ ሰው ይታሰብልን ካላችሁ ደግሞ ቦታው ሦስተኛው አርኬ አካባቢ ይሁን እንጂ መጨረሻው አይሁን። ሰዉ ግጥሙ በተዘጋበት ስሜት ነው ወደ ጨዋታው የሚመለሰው።

ሌላም አለ፦ የሚያነበው ማነው? ብዙ ቅጾች ይህን አይጠይቁም። ግጥሙ “ውዴ” እያለ ተጽፎ የሚያነበው የሙሽራው ታናሽ ወንድም ከሆነ ችግሩ የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ምርመራ አይፈልግም። በልጆች ስም ከሆነ “እኛ” ይላል፣ በባለቤት ስም ከሆነ “እኔ” ይላል፣ በመድረክ መሪ ከሆነ ስለ ሰውየው በሦስተኛ መደብ ያወራል።

ቤትና ምት፦ ከፍላችሁ ልትጠይቁት የሚገባ ነገር

የአማርኛ ግጥም ልክ የሚቆጠረው በቀለም ነው። ቀለም ስንል የተጻፈውን ፊደል ሳይሆን አፍ ላይ የሚሰማውን ነው። ከላይ ካለው ግጥም “ከግንባሯ በላይ” የሚለውን ሐረግ ውሰዱ። ወረቀት ላይ 8 ፊደል ነው። ጮክ ብላችሁ ስትሉት ግን ከ፣ ግን፣ ባ፣ ሯ፣ በ፣ ላይ፤ 6 ቀለም ነው። “ን” ከ“ግ” ጋር፣ “ይ” ከ“ላ” ጋር ተጣብቀው ስለሚነበቡ ለብቻቸው አይቆጠሩም። ሳድስ ፊደሎች ላይ የሚሳሳት ጸሐፊ ወረቀት ላይ እኩል የሚመስል፣ ሲነበብ ግን የሚያነክስ ስንኝ ይጽፋል። ረቂቅ ሲደርሳችሁ ሁለት ሦስት ስንኝ በጣት እየቆጠራችሁ ፈትሹ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ለድግስ የሚመቹት ልኮች ብዙ አይደሉም። የወል ቤት ስንኝ ሁለት ሐረግ አለው፣ 6 እና 6 ቀለም፤ ከላይ ያየነው በሱ የተጻፈ ነው። ረጋ ያለ፣ ሰው የለመደው፣ ላልተለማመደ አንባቢም የማያስቸግር ስለሆነ ለወላጅ፣ ለጡረታ፣ ለጋብቻ ሃምሳኛ ዓመት ከሱ የሚሻል አናውቅም። ሰንጎ መገን 5 እና 5 ነው፣ ፈጠን ይላል፣ ለዜማም ይቀርባል። ቡሄ በሉ 4 እና 4 ነው፤ ይዘላል፣ ስለዚህ ለልጆች ነው፦

ጥርሷ ወልቆ ሳቋ ሰፋ፣
ግድግዳው ላይ ስሟን ጽፋ።

ይህን ልክ ለሰማንያ ዓመት አዛውንት ብትጽፉበት አንባቢው ሳያስበው እንደ ጨዋታ ያስኬደዋል። በተቃራኒው በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የሚጠራው የጸጋዬ ቤት 8 እና 8 ቀለም ስላለው ትንፋሽ ይጠይቃል። በመድረክ የሚያነብ ተዋናይ ካላችሁ ያምራል፤ ማይክ ይዞ እጁ የሚንቀጠቀጥ የአጎት ልጅ ከሆነ ግን ስንኙ መሃል ላይ አየር ያልቅበታል። አንዳንድ አገልግሎቶች ረጅም ስንኝ “ክብደት አለው” ብለው ያቀርቡታል። ክብደቱ የሚሰማው ለአንባቢው ነው።

ቤት መምታት ላይ ሁለት ስንፍናዎች በብዛት ይታያሉ። አንዱ በግስ ጅራት መምታት ነው፦ ወደድናት፣ አከበርናት፣ አመሰገንናት። አማርኛ ግስን በቅጥያ ስለሚዘጋ እንዲህ ያለው ቤት እስከ ነገ ድረስ ይመታል፣ ጸሐፊውም አይደክምም። ጆሮ ግን ሦስተኛው ጥንድ ላይ ይነቃል። ከላይ “በላይ” ከ“ስታይ” ጋር ሲገጥም አንዱ ግስ አይደለም፤ አድማጩ የሚመጣውን ቀድሞ አይገምተውም። ሌላው ስንፍና አንዱን ቃል ራሱን መልሶ ማምጣት ነው፣ “ላይ” ከ“ላይ”። ቃሉ ሁለተኛ ሲመጣ ትርጉሙ ከተለወጠ ጥበብ ነው፤ ካልተለወጠ ቃል ያጠረው ሰው ሥራ ነው።

በስም ፊደላት የሚጀምር ግጥም በብዙ ቦታ እንደ ልዩ ምርጫ ይቀርባል። የስሙ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ስንኝ ይጀምራል። ሀሳቡ ደስ ይላል፣ አማርኛ ላይ ሲመጣ ግን ሁለት እንቅፋት አለው። የመጀመሪያው ስማችን በፊደል ቁጥር አጭር መሆኑ ነው፦ ሳራ ሁለት ስንኝ ብቻ ታገኛለች። መፍትሔው እያንዳንዱ ፊደል ስንኝ ሳይሆን አርኬ እንዲከፍት ማድረግ ነው። ሁለተኛው በአንዳንድ ፊደል የሚጀምር ቃል አለመኖሩ ነው። አገኘሁ የሚባል ሰው ቢያዝዝ “ኘ” ላይ ምን ይጻፍለት? በ“ኘ” የሚጀምር ለግጥም የሚሆን ቃል የለም ማለት ይቻላል። ሐቀኛ አገልግሎት ይህን አስቀድሞ ይናገራል፤ ሌላው ፊደሉን ዘሎ ማንም አያየውም ብሎ ይልካል።

አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ

ዝግጁ ግጥም የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው። “ሳራ የኛ ኩራት እንኳን ተወለድሽ” የሚል ስንኝ 6 እና 6 ሆኖ ተሠርቷል። ስሙ ሲቀየር “አማኑኤል የኛ ኩራት እንኳን ተወለድሽ” ሆኖ ይመጣል። የመጀመሪያው ሐረግ ከ6 ወደ 8 ቀለም ዘለለ፤ “ሽ” ደግሞ እዚያው ቀረች። ሽያጩ በብዛት ስለሚካሄድ መጨረሻ የሚያየው ሰው የለም። ዝግጁ ግጥም ለካርድ ጀርባ ገዝታችሁ እንደሆነ ቢያንስ የግሱን ጅራት ሁሉ አንድ በአንድ እዩ፦ ሽ/ህ፣ ለሽ/ለህ፣ ናት/ነው።

ሰው የሚጽፈው ላይ ደግሞ ሌላ ስህተት አለ፦ የአክብሮት መደብ መቀላቀል። ለአያት የተጻፈ ግጥም በ“እርስዎ” ይጀምርና አሥረኛው ስንኝ ላይ “አንተ” ይላል። ምክንያቱ ቤት ነው። “እርስዎ” የሚፈልገው ግስ ሰጡ፣ ኖሩ፣ ይኖራሉ እያለ ስለሚያልቅ ምርጫው ይጠብባል፤ ጸሐፊው ቃል ሲያጥረው አክብሮቱን ሸጦ ቤቱን ይገዛል። መውጫው ቀላል ነው፦ ስለ ሰውየው በሦስተኛ መደብ መጻፍ፣ በመጨረሻው አርኬ ብቻ ወደሳቸው ዞሮ በ“እርስዎ” መመረቅ። አባቱን “አንተ” የሚል ቤት አለ፣ “እርስዎ” የሚል አለ፣ “አንቱ” የሚልም አለ። ይህን ሳይጠይቅ የሚጀምር ጸሐፊ እየገመተ ነው።

የስም አጻጻፍም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ፀሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሐይ፤ ሠላም፣ ሰላም፤ ዓለሙ፣ አለሙ። ለጆሮ አንድ ናቸው። ፍሬም ውስጥ ገብቶ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን ባለስሙ ራሱ የሚጽፍበት ፊደል ካልሆነ ዕለት ዕለት ስህተቷን ያያታል። ስሙን ከመታወቂያው ወይም ከዲፕሎማው ላይ ቀድታችሁ ላኩ እንጂ በስልክ አትንገሩ።

ማሽኑስ?

በነፃ ወይም በጥቂት ክፍያ በሰከንዶች ግጥም የሚያወጡ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች አሉ፤ አንዳንድ “የገጣሚ አገልግሎት” ደግሞ ከኋላው እነሱ ናቸው። ለቅድመ ሥራ ይጠቅማሉ፦ የተበታተነ ትዝታን በመልክ በመልኩ ለማስቀመጥ፣ ለመክፈቻ ሀሳብ ለማግኘት። የአማርኛ ልክ ላይ ግን ይደናቀፋሉ፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ማሽኑ ጽሑፍን በድምፅ አይሰማም፣ በቁርጥራጭ ነው የሚያነበው። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር የጽሑፍ አቀማመጥ (ዩቲኤፍ-8) 3 ባይት ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ ቁርጥራጩ ከቀለም ወሰን ጋር አይገጥምም። “6 እና 6 አድርገው” ስትሉት “እሺ” ይላል፣ ከዚያ 7 እና 5፣ 8 እና 6 እያደባለቀ ያመጣል።

በማሽን የተጻፈ መሆኑን የሚያሳብቁ ምልክቶች አሉ። ጾታ መሃል ላይ ይለወጣል። አንዱ ቃል ሁለትና ሦስት ጊዜ ቤት ይመታል። ከዋክብት፣ አበባ፣ ፀሐይና ውቅያኖስ በአንድ አርኬ ይሰለፋሉ፣ ከቅጹ የመጣው መነጽር ግን የለም ወይም “መነጽርሽ ጥበብሽን ያሳያል” ተብሎ ቀልዱ ተገድሏል። ሰው ይጽፈዋል ተብሎ የተከፈለበት ግጥም እንዲህ ሆኖ ከመጣ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ “ሦስተኛውን ስንኝ በቀለም ከፋፍለህ አሳየኝ።” የጻፈው ሰው ወዲያው ይከፋፍለዋል።

ውሉ፣ ማረሚያው፣ ቀኑ

የሚመከረው ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው። ዝርዝር ለመሰብሰብ 3 ቀን፣ ለረቂቅ 5 ቀን፣ ለሁለት ዙር ማረሚያ ሁለት ሁለት ቀን (በድምሩ 4)፣ ለህትመትና ለፍሬም 2 ቀን፤ 14 ሞላ። “በ24 ሰዓት” የሚለው ማስታወቂያ የሚቀንሰው ማረሚያውን ነው፣ ማረሚያ የሌለው የቤተሰብ ግጥም ደግሞ አንድ የተሳሳተ ስም ይዞ መድረክ ይወጣል።

ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ዙር ማረሚያ በዋጋው ውስጥ መኖሩን በጽሑፍ አረጋግጡ። ከእናንተም በኩል ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ በግጥም ውስጥ “ትንሽ ለውጥ” የሚባል ብዙ የለም። የስንኙ መጨረሻ ላይ ያለ ቃል ሲቀየር ጥንዱ ይፈርሳል፣ ሁለት ስንኝ እንደ አዲስ ይጻፋል። መሃል ላይ ያለ ቃል በእኩል ቀለም ከተተካ ግን ጉዳት የለውም። ስለዚህ ማረሚያ ስትልኩ “ይህ ደስ አላለንም” አትበሉ፤ የትኛው ስንኝ፣ ምኑ ስህተት እንደሆነ፣ እውነቱ ምን እንደሆነ ጻፉ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ከጸሐፊው ጋር ይነጋገር። አራት ወንድማማቾች በየበኩላቸው ሲያርሙ ግጥሙ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ይሆናል።

የሚዘነጋው ጥያቄ ግጥሙ የማን ነው የሚለው ነው። ጸሐፊው ስም ቀይሮ ለሌላ ደንበኛ ይሸጠዋል? ለማስታወቂያ ይለጥፈዋል? የእናታችሁ መነጽር በሌላ ሰው ድግስ ላይ እንዲነበብ ካልፈለጋችሁ ይህም በጽሑፍ ይግባ።

ህትመትና ንባብ

ህትመቱ ላይ ብዙ አንቆይም፣ ግን ጥቂት ነገሮች ይበላሻሉ። ፋይሉ በፒዲኤፍ ይምጣላችሁ። በዎርድ ከመጣና የተጻፈበት ቅርጸ ፊደል ማተሚያው ኮምፒውተር ላይ ከሌለ በሌላ ይተካል፣ ስንኙ ይታጠፋል። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በነፃ የሚገኙ ቅርጸ ፊደሎች ናቸው፣ ለፍሬምም ያምራሉ። አራት ነጥቡ “።” በእንግሊዝኛ ሁለት ነጥብ ተደርድሮ “::” ሆኖ ከመጣ ጸሐፊው ስለሌላውም ነገር ምን ያህል እንደተጠነቀቀ ገምቱ። 20 የወል ቤት ስንኝ በ16 ነጥብ ፊደል ኤ-4 ላይ ከነርዕሱ ይመቻል፤ ኤ-5 ላይ ግን ይጨናነቃል። የጸጋዬ ቤት ከሆነ ኤ-5 ላይ ስንኙ ዳር ዳሩን ይታከካል። የፍሬሙ ከንፈር ከየጎኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሚሸፍን ኅዳጉ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ያዋጣል። ወረቀቱም የቢሮው 80 ግራም ሳይሆን ከ160 ግራም በላይ ይሁን፤ ቀጭኑ መስታወት ስር ይሸበሸባል።

የድምፅ ቅጂ የሚሸጡም አሉ። ግጥሙ ጥሩ ሆኖ ማጀቢያ ሙዚቃው ሲያሰጥመው በብዛት ይታያል። ሙዚቃ የሌለበትን ቅጂም አብራችሁ ጠይቁ፤ አዳራሹ የሚያስተጋባ ከሆነ የምትጫወተው እሷ ናት።

በቤተሰቡ ሰው የሚነበብ ከሆነ ግን ከፍሬሙ ሌላ የንባብ ወረቀት ይምጣላችሁ፣ ይህን የሚያዘጋጁ አገልግሎቶች ጥቂት ቢሆኑም። በ20 ነጥብ የታተመ፣ በየሐረጉ መሃል ክፍተት ያለው፣ ጠብቀው የሚነበቡት ቃላት የተሰመረባቸው። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ “ዋና” ላልቶ ከተነበበ “የቤታችን ዋና” የተባሉት አባት ወደ መዋኛ ይወርዳሉ፤ “ገና” እና “አለ” እንዲሁ ሁለት ሁለት መልክ አላቸው። አንድ የወል ቤት ስንኝ ከነዕረፍቱ ከ4 እስከ 5 ሰከንድ ይወስዳል፣ ስለዚህ 20 ስንኝ አንድ ደቂቃ ተኩል አካባቢ ነው። በ50 ሰከንድ ከጨረሰው አንባቢው እየሮጠ ነው። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ ይለማመደው። ወረቀቱ በሁለት ቅጂ ይታተም፤ አንዱ አጠገቡ በሚቆም ሌላ ሰው እጅ ይሁን፣ በየአርኬው ዳርም ቁጥር ይጻፍበት፤ አንባቢውን እንባ ቢቀድመው ሁለተኛው ከየትኛው እንደሚረከብ በጣት ማሳየት ይበቃል።